ህንድን ለማየት የግድ መታመም አለብን?

ወዳጆቼ፣ የቀድሞ ተማሪዎቼ፣ ጽሑፉ ረዘም ይላል፤ ቡናችሁን እያፈላችሁ አንብቡት። የፊደል ግድፈት ያገኘ ቀይ እስክሪብቶውን ያንሳ። እኔም 38 ዓመት ሙሉ አንስቼባችኋለሁ።

ነገሩን ላልሰማችሁ ባጭሩ ላስረዳ። ባለፈው ዓመት ጡረታ ስወጣ አርብ ገበያ ያስተማርኳቸው ልጆች፣ አዲስ አበባም ባሕር ዳርም ውጭ ሀገርም ያሉት፣ በቴሌግራም ተሰባስበው ስጦታ እንስጠው ተባባሉ። ጋቢ አላሉ፣ ሰዓት አላሉ። "ጋሼ ሞንሱንን ሲያስተምረን ልቡ ህንድ ውቅያኖስ ላይ ነበር፤ ሄዶ ሁለት ሳምንት አይቶ ይምጣ" ብለው ገንዘብ ማዋጣት ጀመሩ። እኔ የሰማሁት ግማሹ ከተዋጣ በኋላ ነው። እውነቱን ልናገር? አለቀስኩ።

ከዚያ ሌላው መጣ። አንዱ፣ እሱም ተማሪዬ የነበረ፣ በገጹ ላይ ጻፈ። ሐሳቡ ይህ ነው፦ የጋይንት ልጅ የሚቀመጥበት ወንበር አጥቶ፣ ሀገር እንዲህ ሆና፣ ለአንድ ጡረተኛ ሽርሽር ገንዘብ ማዋጣት ነውር ነው። ከስሩ ብዙ ሰው ተስማማ። አልተቀየምኩም። ልጅ ሲሟገት ደስ ይለኛል፤ ተሟገቱ እያልኩ ያሳደግኋችሁም እኔ ነኝ። ከአስተያየቶቹ መካከል ግን አንዱ እስከ ዛሬ ከውስጤ አልወጣም። "ታሞ ቢሆን እጥፍ እሰጥ ነበር" ይላል።

ታሞ ቢሆን!

ልጄ፣ ይህን ያልከው ከደግነት መሆኑን አውቃለሁ። ግን ቁጭ ብለህ አስበው። በጤናዬ ህንድን ልይ ብል ነውር ነው፤ ኩላሊቴ ቢደክም ግን ጽድቅ ነው። በአልጋ ብሄድ ትሸኙኛላችሁ፤ በእግሬ ልሂድ ስል ታፍሩብኛላችሁ። ዛሬ የምጽፈው በዚህች በአንዲት ዓረፍተ ነገር ምክንያት ነው።

እስቲ ከኛ አካባቢ ህንድ የሄደ ሰው ቁጠሩ። እኔ የማውቃቸው ሁሉ አንድም በሽተኛ አንድም አስታማሚ ናቸው። አዲስ አበባ ሲሆን ነጋዴውና ለትምህርት የሚሄደው ይጨመርበታል። ቼናይ፣ ባንጋሎር፣ ዴልሂ የሚሉት ስሞች ገጠራችን ድረስ የገቡት በካርታ አይደለም። "ወደ ህንድ ሄዶ መታከም አለበት ተብሏል" በሚል ማስታወቂያ ነው የገቡት። የታማሚው ፎቶ፣ የባንክ ሒሳብ ቁጥር፣ ከስሩ "ህንድ"። ለእኛ ህንድ ማለት ሀገር መሆኑ ቀርቶ የመጨረሻው ተስፋ ስም ሆኗል።

አብሮኝ ያስተምር የነበረ የኬሚስትሪ መምህር ነበር። የቆያችሁት ታስታውሱታላችሁ፤ ስሙን አልጽፍም። ኩላሊቱ ታመመ። ቤቱን ሸጠ። ዕቁቡን አስቀድመን ሰጠነው፣ ከደመወዛችን አስቆረጥን፣ የማኅበር ጓደኞቹ ለመኑለት። ሄደ። ከሁለት ወር በኋላ ተመለሰ። ጠያቂው ሲወጣ እኔ ቀረሁና እንደ ሞኝ "ህንድ እንዴት ነው?" አልኩት። ትንሽ አሰበና "ጣሪያው ነጭ ነው" አለኝ። "በመስኮቱ በኩል አንድ ዛፍ አለ። ቁራ ያርፍበታል። ቁራው የኛን ቁራ ይመስላል።" ሌላ ምንም አላለም። በስምንተኛው ወር ቀበርነው።

የዕድሜ ልክ ጥሪቱን ከፍሎ፣ ከ1.4 ቢሊዮን በላይ ሕዝብ ካለበት ሀገር ያየው አንድ ዛፍና አንድ ቁራ ነው። ሐኪሞቹን አላማም፤ ስንቱን አድነው መልሰውልናል። የምቃወመው አንድ ያልተጻፈ ሕግን ነው። "ድሃ ሌላ ሀገር የሚያየው ሲታመም፣ ሲሰደድ ወይ ሲነግድ ብቻ ነው" የሚለውን ሕግ። ማን እንዳወጣው እንጃ፤ ጠባቂዎቹ ግን እኛው ነን።

ከወረታ ወልድያ የሚሄደውን መንገድ አስታውሱ። ቻይኖች በደርግ ጊዜ የሠሩትን፣ በነፋስ መውጫ አልፎ በጨጨሆ በኩል ወደ ላሊበላ የሚያደርሰውን። የፈረንጅ መኪና ባየ ቁጥር "ሃይላንድ! ሃይላንድ!" እያለ ያልሮጠ የጋይንት ልጅ ካለ እጁን ያውጣ። መስኮቱ ይከፈታል፣ ባዶ ፕላስቲክ ይወረወራል፣ ፎቶ ይነሳል፣ መስኮቱ ይዘጋል። አንድ ጊዜ ነፋስ መውጫ ላይ መኪናቸው ተበላሽቶ ከቆሙት አንዱን አነጋገርኩት። ምን ቢለኝ ጥሩ ነው? ጡረታ የወጣ የጂኦግራፊ መምህር ነው! "ጡረታ ወጥቼ ዓለምን እያየሁ ነው" አለኝ። ነውር ነው ያለው ሰው የለም። እኔም አላልኩትም፤ ሻይ ጋበዝኩት።

ታዲያ የእሱ "ጉዞ" ሲባል የኔ "ሽርሽር" የተባለው በምን ሒሳብ ነው? እኛ ለመታየት ብቻ ነው እንዴ የተፈጠርነው?

"ሀገር ለማየት ብሎ መሄድ ባህላችን አይደለም" ያለም አለ። ኧረ በስመ አብ! ይህን የሚለው የጋይንት ሰው ነው? ድጓ የሚመሰከርበት ቤተልሔም ያለው የት ሆነና! ዝማሬ መዋሥዕት ለመማር ዙር አምባ ድረስ የሚመጣው ማነው? ከጎጃም፣ ከወሎ፣ ከሸዋ፣ ከትግራይ አኮፋዳውን አንግቦ፣ ውሻ በዱላ እየመከተ፣ ደበሎውን ለብሶ ስንት ወንዝ ተሻግሮ ነው የሚመጣው። ቅኔውን አንድ አገር፣ ድጓውን ሌላ አገር፣ አቋቋሙን ጎንደር። በአንድ ቦታ ተቀምጦ ሊቅ የሆነ ሰው አባቶቻችን አያውቁም ነበር። ያን የቆሎ ተማሪ "ወንበር ለሌለው ልጅ አትሰጥም ወይ?" ብሎ የመለሰው የለም። ጉልባን ሰጥተው፣ እግሩን አጥበው ነው ያሳለፉት። አገራችን መንገደኛ ያከበረች አገር ናት። መንገደኛውን ማሳፈር የጀመርነው ፌስቡክ ከመጣ ወዲህ ነው።

"ላሊበላን ሳታይ ታጅ መሐል አማረህ" ላልከኝም መልስ አለኝ። ላሊበላን ያየሁት በአሥር ዓመቴ ነው፤ ለገና፣ ከእናቴ ጋር፣ በእግሬ። ጫማ አልነበረኝም። ጎንደርንም ጢስ ዓባይንም ተማሪ ይዤ ሄጃለሁ። የሀገሬን ያህል ሀገሬን አይቻለሁ። አንተስ ያለህበት አዲስ አበባ እንጦጦ ወጥተህ ታውቃለህ?

አሁን ወደ ከባዱ ልምጣ። ሌላው ቀልድ ነበር፤ ይህ ግን ቀልድ አይደለም።

"የጋይንት ልጅ ወንበር የለውም።" እውነት ነው። በነሐሴ 2013 ጦርነቱ ነፋስ መውጫ ድረስ ገብቶ ምን ጥሎ እንደሄደ ለጋይንት ሰው አይነገረውም። ከ2015 መጨረሻ ወዲህ ደግሞ በክልላችን በቀጠለው ግጭት ስንት ትምህርት ቤት ተዘግቶ ከረመ፣ ስንት ልጅ ከደብተሩ ተለየ። መምህር ነኝ እኮ። በመስከረም ጠመኔ ይዤ ባዶ ክፍል ውስጥ ቆሜ አውቃለሁ። ዛሬም ከአርብ ገበያ አዲስ አበባ መድረስ ከአዲስ አበባ ሙምባይ ከመድረስ ይከብዳል። አውሮፕላኑ ስድስት ሰዓት አይፈጅበትም፤ እኛ ግን መንገዱ ተከፈተ ወይ፣ መኪና አለ ወይ እያልን ሳምንት እንቀመጣለን። ይህን ሁሉ ሳላውቅ የምዝናና አድርጋችሁ አትሳሉኝ።

ግን ሦስት ነገር ልጠይቅ።

አንደኛ፣ ከሁለት ዓመት በፊት ለአንድ ትምህርት ቤት ጣሪያ ቆርቆሮ ስንለምን ስም የመዘገብኩበት ደብተር አሁንም እጄ ላይ ነው። "ነውር" ብለው ከጻፉት መካከል ደብተሩ ላይ ያሉት ጥቂት ናቸው። ማን አለ ማን የለም አልልም፤ እናንተው ታውቃላችሁ። ለህንዱ ጉዞ ካዋጡት ግን አብዛኞቹ አሉበት። ለቆርቆሮ የሚሰጥ እጅና ለመምህሩ የሚሰጥ እጅ አንድ እጅ ነው። የማይሰጠውም እንደዚያው አንድ ነው።

ሁለተኛ፣ ወንበሩ የሚታወሰው መቼ ነው? ለሰርግ ሊሙዚን ሲከራዩ ወንበር አልተነሳም። ጓደኛችሁ ዱባይ ሄዶ ግመል ላይ ሆኖ ፎቶ ሲለጥፍ "ያምርብሃል ወንድሜ" ነው ያላችሁት። የልጅ ልደት በሆቴል ሲከበር ሻማ አብርታችኋል። ምንም አልልም፤ ደስታ ነው። ግን የጋይንት ልጅ ወንበር ትዝ የሚላችሁ አንድ የገጠር መምህር አውሮፕላን ሊሳፈር ሲል ብቻ ከሆነ፣ ነገሩ የወንበር አይደለም። "እሱ ማነውና" ነው። ይህን በግልጽ ብትሉኝ እመርጣለሁ።

ሦስተኛ፣ ወንበሩ ለምንድነው? ልጁ ተቀምጦ ዓለምን ሊማር አይደል? ከማን ነው የሚማረው?

እዚህ ላይ አንድ ኑዛዜ አለብኝ። 38 ዓመት ስለ ባሕር አስተማርኩ። ባሕር ግን አይቼ አላውቅም። ጣናን አይቻለሁ፤ ጣና ጨው የለውም። ሞንሱንን ሳስተምር በነፋስ መውጫ ስም እየቀለድኩ ነበር፦ "ነፋስ እኛ ጋ ይወጣል፤ ታዲያ የሚገባው በየት ነው?" እል ነበር። ትስቁ ነበር። በሰኔ ህንድ ላይ የሚወርደው ዝናብ የኛም ክረምት ዘመድ መሆኑን፣ ነፋሱ ግማሹን ዓመት ወዲህ ግማሹን ወዲያ እየነፈሰ የአዱሊስን መርከቦች ወደ ህንድ ያደርስና ይመልስ እንደነበር ጥቁር ሰሌዳ ላይ በቀስት ስያለሁ። ደብረ ዳሞ ላይ ከመቶ በላይ የኩሻን ነገሥታት የወርቅ ሳንቲም መገኘቱን፣ ኩሻኖች ሰሜን ህንድን ይገዙ እንደነበር ነግሬያችኋለሁ። አንድ ቀን አንዲት የዘጠነኛ ክፍል ልጅ እጇን አወጣችና "ጋሼ፣ ባሕር ይሸታል?" አለችኝ። አላውቅም ማለት አፍሬ "አይሸትም" አልኩ። ዋሸኋት። ክፍሉ ሁሉ ደብተሩ ላይ ጻፈው።

በኋላ ከዚያ ክፍል ልጆች አንዳንዶቹ ባሕርን አዩት። በጅቡቲ በኩል፣ በሌሊት፣ በጀልባ ታጭቀው። ሳዑዲ የደረሰ አንዱ ደውሎልኝ "ጋሼ፣ ባሕር ይሸታል" ብሎኛል። ከዚያ በላይ ምን የሚያሳፍር ነገር አለ? ከኔ በፊት ተማሪዬ አየው፤ እሱም ያየው እየሸሸ ነው። ኬሚስትሪው ህንድን በአልጋ፣ ልጄ ቀይ ባሕርን በጨለማ። በቀን፣ በጤናው፣ ዓይኑን ገልጦ የሚያየውስ ከኛ መንደር ማነው?

እሺ፣ ለምን ህንድ ሆነ? ለምን ሌላ አይሆንም? ምክንያቱም እነሱ ቀድመው መጥተው አይተውናልና ነው። በንጉሡ ጊዜ ጀምሮ በየአውራጃው ስንት የህንድ መምህር እንደነበረ አባቶቻችሁን ጠይቁ። እኔ ደብረ ታቦር ሁለተኛ ደረጃ ስማር ሒሳብ ያስተማረኝ የኬራላ ሰው ነው። ብርዱን ይፈራል፤ በርበሬያችንን ግን የማይፈራ ብቸኛው የውጭ ሀገር ሰው ነበር። እሑድ እሑድ ከኛ ጋር ቤተ ክርስቲያን ይቆማል፤ ጫማውን አውልቆ። የኬራላ ኦርቶዶክስ ከኛ ተዋሕዶ ጋር እኅትማማች መሆኗን ያወቅሁት ከእሱ እግር ነው ብል ይቀለኛል። አዲስ አበባ ላይ እ.ኤ.አ. በ1965 አምስቱ አብያተ ክርስቲያናት ሲሰበሰቡ የህንዷም ነበረች። በኋላ ታዋቂ የሃይማኖት ሊቅ የሆኑት የኬራላው ፓውሎስ ማር ግሪጎሪዮስም በወጣትነታቸው ኢትዮጵያ ውስጥ መምህር ነበሩ፤ ኋላም የአፄ ኃይለ ሥላሴ አማካሪ ሆነዋል። ያ የኔ መምህር ደግሞ ስም የሌለው ተራ መምህር ነበር። የእናቱን ፎቶ፣ ከኮኮናት ዛፍ ስር የቆመችውን፣ አሳይቶኝ "አንድ ቀን መጥተህ ታያለህ" ብሎኛል። ስትታመም መጥተህ ታያለህ አላለኝም።

አሁን ደግሞ ደጋፊዎቼን ልቆጣ። እናንተም አታመልጡም።

የላካችሁልኝን ፕሮግራም አየሁት። ዴልሂ፣ አግራ፣ ጃይፑር። "ወርቃማው ሦስት ማዕዘን" ይሉታል። ከዚያ ሁለት ሙሉ ቀን "ሾፒንግ"። እኔ ምን ልገዛ ነው? ሻሽ? ደግሞ አስጎብኚው ታጅ መሐልን የመደበው አርብ ቀን ነው። ልጆች፣ ታጅ መሐል አርብ ለጎብኚ ዝግ ነው! አርብ የሚቆመው የኛ ገበያ ነው። አርብ ገበያ ተወልዶ አርብ ቀን የታጅ መሐል በር ላይ የሚመለስ ሰው ልታደርጉኝ ነበር።

ታጅ መሐል አይታይ አላልኩም። ሻህ ጃሃን ለሚስቱ ለሙምታዝ መሐል መቃብር ብሎ እ.ኤ.አ. በ1632 አካባቢ ማሠራት የጀመረው፣ ዓለም የሚያደንቀው ሕንጻ ነው። ግን ፈረንጅ በሄደበት ዱካ ብቻ ሄደን፣ ፈረንጅ ከቆመበት ድንጋይ ላይ ቆመን፣ ፈረንጅ የተነሳውን ፎቶ ተነስተን ከተመለስን የሄድነው ለማየት አይደለም፤ ለመታየት ነው። ያኔ "ሽርሽር" ያሉኝ ልጆች ትክክል ይሆናሉ። እኔም ከነሱ ጎን እቆማለሁ።

ይኸው ሻህ ጃሃን ገና ልዑል ሳለ በአባቱ በጃሃንጊር ላይ አምጾ ነበር። ሸሽቶ ደካን ሲደርስ ከማን ጋር አበረ? ከአንድ ሀበሻ ጋር። ማሊክ አምባር ይባላል። እ.ኤ.አ. በ1548 አካባቢ ከዚህ ከኛ ምድር ተወልዶ፣ በልጅነቱ በባርነት ተሽጦ፣ በዐረብ ሀገር ከእጅ ወደ እጅ ዞሮ ህንድ ደረሰ። የገዛው ጌታው ራሱ ሀበሻ ነበር። ጌታው ሲሞት ነጻ ወጣ፣ ጦር አደራጀ፣ ከ1600 ጀምሮ እስከ ዕለተ ሞቱ እስከ 1626 የአህመድናጋርን መንግሥት እንደ እንደራሴ መራ። ሙጋሎችን ዕድሜውን ሙሉ ተዋጋ። ጃሃንጊር በጦር ሜዳ ቢያቅተው ሠዓሊውን አዝዞ የአምባርን የተቆረጠ ጭንቅላት በቀስት ሲወጋ አስሳለ። ሥዕሉ ዛሬም አለ። በእውን ግን አልቆረጠውም፤ አምባር የሞተው በእርጅናው ነው።

እሱ የቆረቆራት ከተማ ኻድኪ ትባል ነበር፤ ኋላ አውራንጋባድ ተባለች፤ ከ2023 ወዲህ ደግሞ ስሟ በይፋ ተቀይሯል። ከመሬት በታች ውኃ የሚያመጣ ቦይ አሠርቶላታል። መቃብሩ ከከተማዋ ወጣ ብሎ ኩልዳባድ ነው። ከኩልዳባድ ጥቂት ኪሎ ሜትር ደግሞ ኤሎራ አለ። ኤሎራ ማለት፣ ልጆች፣ የላሊበላ ጎረቤት ለሆነ ሰው ምን ማለት እንደሆነ ልንገራችሁ። ካይላሳ የሚባለው ቤተ መቅደስ በስምንተኛው መቶ ክፍለ ዘመን ከአንድ አለት፣ ከላይ ወደ ታች ተፈልፍሎ የወጣ ነው። ቤተ ጊዮርጊስን በአሥር ዓመቱ በባዶ እግሩ ያየ ሰው ኤሎራን ሳያይ ይሙት?

አህመዳባድ ላይ የሲዲ ሰይድ መስጊድ አለ። ያሠራው ለጉጃራት ሱልጣኖች ያገለግል የነበረ ሀበሻ ነው፤ ዘመኑ 1572–73። መስኮቱ ላይ የተፈለፈለው የድንጋይ ዛፍ የከተማዋ ምልክት ሆኗል፤ እዚያ ያለው ዝነኛ የአስተዳደር ትምህርት ተቋም ዓርማውን ከእሱ ወስዷል። ከሙምባይ በስተደቡብ፣ ባሕር ውስጥ ደግሞ ጃንጂራ የሚባል ምሽግ አለ፤ ሲዲ የሚባሉት ከአፍሪካ የሄዱ ገዥዎች ማራታዎች ደጋግመው ቢሞክሩም ሳያስነኩት፣ ህንድ ነጻ እስክትወጣ ድረስ ቆይተውበታል።

እንግዲህ ንገሩኝ፦ ይህ ሁሉ እያለ እኔን ለሁለት ቀን ሾፒንግ?

አንድ ነገር ደግሞ ልጨምር፣ "ህንድን የገዛው ኢትዮጵያዊ" እያላችሁ ፎቶውን ለምትለጥፉት። ግማሹን ነው የምታነቡት። "ገዛ" ከማለታችሁ በፊት "ተሸጠ" በሉ። አንድ ልጅ ከዚህ ሀገር ተሽጦ ነው የሄደው፤ የሸጠው ደግሞ ከሰማይ አልወረደም። "ሙስሊም ነበር፣ ምናችን ነው?" ያልከኝም አለህ። ስትኮራበት ኢትዮጵያዊ፣ መቃብሩ ልሂድ ስልህ ምናችን? እኔ የምሄደው ልፎክርበት አይደለም። ከዚህ ምድር ወጥቶ ወደ ቤቱ ያልተመለሰ ልጅ መቃብር ላይ የአገሩ ሰው ቆሞ "ነፍስ ይማር" እንዲለው ነው። በአራት መቶ ዓመት ውስጥ ከጋይንት ስንት ሰው ብሎት ይሆን?

ስለዚህ ፕሮግራሙን ቀይሬዋለሁ። ልብ ብላችሁ ያዙት፤ ነገ ለራሳችሁም ይጠቅማል።

ጊዜው ከኅዳር አጋማሽ በኋላ ይሁን። በክረምት የእነሱም ዝናብ ነው፤ ወደ ጃንጂራ የሚያሻግሩት ጀልባዎችም በዝናቡ ወራት ያቆማሉ። ሚያዝያና ግንቦት ደግሞ ሙቀቱ አይቻልም። በኅዳር የነቢያት ጾም ይገባል ብላችሁ አትስጉ። ጉጃራት ሥጋ የማይበላ ሕዝብ የሞላበት አገር ነው፤ ምስርና አትክልቱ የትም አለ። "ቅቤና ወተት የለውም ወይ?" ብሎ መጠየቅ ብቻ ነው፤ እነሱ ቅቤን ከሥጋ አይቆጥሩትም። አረቄ የለመደ ግን ይጠንቀቅ፤ ጉጃራት ውስጥ መጠጥ በሕግ የተከለከለ ነው። ለኔ ግድ የለኝም፤ አብረን እንሂድ ላላችሁኝ ነው።

የቢጫ ወባ ክትባት ቢያንስ ከጉዞው አሥር ቀን በፊት መወሰድ አለበት፤ ካርዱን ከፓስፖርቱ ጋር። ያለዚያ እዚያ ለይቶ ማቆያ ያስገባል፤ እንደገና ጣሪያ ልናይ! ከሙምባይ በባቡር ወደ አህመዳባድ፣ ተመልሶ ወደ አውራንጋባድ። ኤሎራ ማክሰኞ ዝግ ነው፤ አጃንታ የሚባሉት በሥዕል የተሞሉ ዋሻዎች ደግሞ ሰኞ። ታጅ መሐል ለናፈቃችሁ አውራንጋባድ ላይ ቢቢ ካ መቅባራ አለላችሁ። የአውራንግዜብ ሚስት መቃብር ነው፤ ታጅን እንዲመስል የተሠራ፣ አነስ ያለ። ለኔ እሱ ይበቃኛል። በመጨረሻ ጃንጂራ። እዚያ ጀልባ ላይ ወጥቼ፣ በቀን፣ ማንም ሳያባርረኝ፣ ባሕሩን አሸተዋለሁ።

ገንዘቡንም አስቤያለሁ። ከሐምሌ 2016 ወዲህ ብሩ ምን እንደሆነ ታውቃላችሁ፤ ትኬቱ የዛሬ ሦስት ዓመት የነበረው አይደለም። ሁለቱ ሳምንት አሥር ቀን ይሁን። ሆቴሉ ኮከብ አይኑረው፤ አንሶላው ንጹሕ ከሆነ ይበቃል። ሾፒንጉ ተሰርዟል። "ገንዘቤን ለወንበር አድርጉልኝ" ያለ ሁሉ ዛሬውኑ ይውሰድ፤ ቂም የለም። ግን ወንበሩን ገዝቶ ፎቶውን ይላክልኝ። እኔም ደብተሬ ላይ እመዘግበዋለሁ።

ስመለስ ምን አመጣለሁ? ሻሽ አላመጣም። አርብ ቀን፣ ገበያው ሲበተን፣ ክፍሉ ክፍት ከሆነ በክፍል፣ ዝግ ከሆነ ዛፍ ስር፣ ለመጣ ልጅ ሁሉ ያየሁትን እነግራለሁ። ወንበር የሌለው በድንጋይ ይቀመጣል። መጀመሪያ የማስተምረው አንዲት እርማት ነው፦ "ባሕር ይሸታል። ያኔ ዋሽቻችኋለሁ።"

እሄዳለሁ። ፈቃድ እየጠየቅሁ አይደለም። ይቅርታም አልጠይቅም።

"ታሞ ቢሆን እጥፍ እሰጥ ነበር" ያልከኝ ልጄ፣ ሰው ነኝና አንድ ቀን መታመሜ አይቀርም። ያን ጊዜ ልትሰጠኝ ካሰብከው እጥፍ ውስጥ ግማሹን ለወንበር አውጣው፤ ቃልህ ነውና። ሌላውን ግማሽ ግን በጤናዬ ስጠኝ። ቁራውን ከአልጋ ሳልሆን ቆሜ ልየው።

ጋሼያችሁ፣ ለኋለኞቹ ደግሞ ቲቸራችሁ
ከአርብ ገበያ